ተማሪዎቼን ይዤ የስፖርት ዜና አጻጻፍ ስልጠና ገብቼ ያየሁት

እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ። በትምህርት ቤታችን የሚኒ ሚዲያ ክበቡንም የምከታተለው እኔ ነኝ። ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ ማይክ ይዘው ዜና የሚያነቡ ልጆች አሉ አይደል? የኔ ልጆች እነሱ ናቸው። ሌላው ማስታወቂያ ሲነበብ ተማሪው እርስ በርሱ ያወራል፤ ስፖርቱ ሲደርስ ግን ሰልፉ ጸጥ ይላል። ያንን ጸጥታ በጣም እወደዋለሁ። የሚያሳዝነኝ በዚያ ጸጥታ ውስጥ የሚነበበው ነገር ነው። አብዛኛው ከቴሌግራም ቻናል የተገለበጠ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የዝውውር ወሬ ነው። እዚያው የቆሙበት ሜዳ ላይ ዘጠነኛና አስረኛ ክፍል ሐሙስ ተጋጥመው፣ አርብ ጠዋት ውጤቱን የሚናገር ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የስፖርት ዜና አጻጻፍ የሚያስተምር ስልጠና አለ ሲባል ጊዜ አላጠፋሁም። አራት ቅዳሜ ነው፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ተኩል። ክፍያው በተማሪ 1,800 ብር። ግማሹን ወላጆች ከፈሉ፣ ግማሹን ትምህርት ቤቱ ከክበባት በጀት ቻለ። ስድስት ልጆች አስመዘገብኩ። እኔም ከኋላ ልቀመጥ ብዬ ጠየቅኩ፤ ፈቀዱልኝ። የማዕከሉን ስም እዚህ አልጽፍም። ቅሬታም ስላለኝ ስም ጠርቼ በአደባባይ ማውራት አልፈለግኩም። ልጁን መላክ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

ስለ ቦታው ቶሎ ልለፍ። አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍቱ ከአራቱ ቅዳሜ ሁለቱን አልሰራም። ክፍሉ ንጹህ ነው፣ ፕሮጀክተሩ ይሰራል፣ በእረፍት ሰዓት ሻይ በነጻ አለ። የተማሪው ብዛት ግን ከበደኝ፤ 34 ልጅ ለአንድ አሰልጣኝ። ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

አሰልጣኙ ጋዜጣ ላይ ረጅም ዓመት የሰሩ ሰው ናቸው። በመጀመሪያው ቅዳሜ ስለ ጋዜጠኝነት ትርጉም ምንም ሳያወሩ ሰሌዳው ላይ ጥሬ መረጃ ጻፉ። ነሐሴ 4 ቀን 2016፣ ፓሪስ ኦሊምፒክ፣ የወንዶች ማራቶን። አንደኛ ታምራት ቶላ 2:06:26። ሁለተኛ የቤልጂየሙ በሽር አብዲ 2:06:47። ሦስተኛ የኬንያው ቤንሰን ኪፕሩቶ 2:07:00። የቀድሞው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን 2:06:32፣ የኬንያው ሳሙኤል ዋንጂሩ ቤጂንግ ላይ ያስመዘገበው። ታምራት ተጠባባቂ ነበር፤ ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ ነው የተተካው። ኢትዮጵያ ከዚያ በፊት በወንዶች ማራቶን ወርቅ ያገኘችው በገዛኸኝ አበራ ሲድኒ ላይ ነው፣ ከ24 ዓመት በፊት። ከዚያ ዞር ብለው «በሉ፣ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ጻፉልኝ፤ 15 ደቂቃ አላችሁ» አሉ።

አብዛኛው ልጅ የጻፈው ይሄን ይመስል ነበር፦ «በፈረንሳይ ዋና ከተማ ፓሪስ እየተካሄደ በሚገኘው 33ኛው የኦሊምፒክ ጨዋታዎች በዛሬው ዕለት በተደረገው የወንዶች ማራቶን ውድድር ከተለያዩ የዓለም ሀገራት የተውጣጡ አትሌቶች የተሳተፉ ሲሆን…»

እዚህች «ሲሆን» ላይ አቆሟቸው። እስካሁን ማን አሸነፈ? ማንም አያውቅም። አንባቢው ከሃያ በላይ ቃል አንብቦ ፓሪስ የፈረንሳይ ዋና ከተማ እንደሆነች ብቻ ነው የተነገረው።

ቀጥሎ ያሉት ነገር እኔን ራሴን ነው ያስተማረኝ። ሃያ ዓመት ሰዋስው ሳስተምር እንዲህ አስቤው አላውቅም። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «አሸነፈ» የሚለው ቃል፣ ማለትም ዜናው ራሱ፣ የሚመጣው በስተመጨረሻ ነው። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን ባስረዘምክ ቁጥር ዜናውን ከአንባቢው እያራቅከው ትሄዳለህ። መፍትሄው አንድ ነው፦ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አሳጥረህ ግሱን ቶሎ አምጣው። ቦታው፣ ቀኑ፣ ዝርዝሩ በሁለተኛውና በሦስተኛው ይግባ። የተገለበጠ ፒራሚድ የሚባለውን ነገር እኔም ለዓመታት ሰሌዳ ላይ ሦስት ማዕዘን እየሳልኩ አስተምሬዋለሁ፤ ትልቁ ነገር ከላይ፣ ትንሹ ከታች። ግን በአማርኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንዴት እንደሚሰራ ማንም አሳይቶኝ አያውቅም ነበር።

ከዚያ «ሲሆን» ለአራቱ ቅዳሜ ተከለከለች። ልጆቹ መጀመሪያ ተጨነቁ። ሁለት ሐሳብ ያለ «ሲሆን» ማያያዝ ለካ ለምደውት አያውቁም። በሁለተኛው ሙከራ ከኔ ልጆች አንዷ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ እንዲህ ጻፈች፦ «ተጠባባቂ የነበረው ታምራት ቶላ የኦሊምፒክ ማራቶን አሸነፈ። የገባበት 2 ሰዓት ከ06 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አዲስ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ነው።» አሰልጣኙ ጮክ ብለው ሁለቴ አነበቡት። እኔ እንባዬ መጣ ብል አላጋነንኩም። ይቺ ልጅ ባለፈው ወር «ሰበር ዜና» ብላ የሰው ጽሑፍ ስታነብ የነበረች ናት።

ሁለተኛው ቅዳሜ ስለ ስምና ቁጥር ነበር። ደረቅ ነገር መስሎኝ ነበር የገባሁት፤ ከአራቱ ሁለተኛው ምርጥ ቀን ሆነ። ምክንያቱም ልጆቻችን ዜና የሚያገኙት ከእንግሊዝኛ ገጾች ስለሆነ የሚሳሳቱትም እዚያው ነው። ፈረንጅ አትሌቶቻችንን በአባት ስም ይጠራል። አንዱ ልጅ የፓሪስን የሴቶች ማራቶን ከስልኩ ተርጉሞ «አሰፋ በሦስት ሰከንድ ተቀድሞ ሁለተኛ ሆነ» ብሎ አመጣ። ትዕግስት አሰፋ ናት እኮ! ሲፋን ሀሰን በ2:22:55 ገባች፣ ትዕግስት በ2:22:58። ልጁ የአባቷን ስም የራሷ አድርጎ ጻፈ፣ ስሙ የወንድ ስለሆነ ግሱንም ወንድ አደረገው። አሰልጣኙ አልተቆጡም። «እኛ ሰውን በራሱ ስም ነው የምንጠራው፣ መጀመሪያ ሙሉ ስም፣ ከዚያ ትዕግስት» ብለው አለፉ።

ሰዓትም እንደዚሁ። የወንዶቹ ማራቶን ፓሪስ ላይ በነሱ አቆጣጠር ከጠዋቱ 8 ሰዓት ነው የተጀመረው። እንዳለ ብትገለብጠው አንባቢህ ከሰዓት በኋላ ቴሌቪዥን ከፍቶ ይጠብቃል። እኛ ጋ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነበር። ዓመተ ምህረትም አለ፤ ሮም 1960 ብሎ ጽፎ «እ.ኤ.አ.» የምትለውን የዘለለ ልጅ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ የሮጠበትን ቀን ስምንት ዓመት ገፋው ማለት ነው። በኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነበር፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ።

ከሁሉም በላይ ግን ያቺ «ማይክሮ ሰከንድ» የምትባል ነገር! በሬዲዮም በቴሌቪዥንም ስንሰማት ኖረን ልጆቻችንም ወርሰዋታል። «27 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ከ20 ማይክሮ ሰከንድ» ይባላል። ማይክሮ ሰከንድ የአንድ ሰከንድ ሚሊዮንኛ ነው። የውጤት ሰሌዳው ላይ የምናየው ግን የሰከንድ መቶኛ ነው። አሰልጣኙ የኃይሌን የሲድኒ 10 ሺህ ሜትር አመጡ። ኃይሌ ገብረሥላሴ 27:18.20፣ ፖል ቴርጋት 27:18.29። ልዩነቱ ዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ። በዚያው ኦሊምፒክ የወንዶች 100 ሜትር ፍጻሜ ላይ ሞሪስ ግሪን አቶ ቦልደንን የቀደመው በ12 መቶኛ ነበር። 25 ዙር ሮጠው የጨረሱ ሰዎች መቶ ሜትር ከሮጡት ይልቅ ተቀራርበው ገቡ! ክፍሉ ውስጥ «እንዴ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ቁጥር በትክክል ካልተጻፈ ይሄ ሁሉ ድንቅ ነገር ይጠፋል። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ክበባችን ውስጥ «ማይክሮ» የሚል ቃል አላሳልፍም።

የአክብሮት ነገርም ተነስቷል። ተጫዋቹ «ተናገረ»፣ አሰልጣኙ «ተናገሩ» ነው የሚባለው። ልጆቹ ግን በአንድ አንቀጽ ውስጥ አንዴ አንቱ አንዴ አንተ ያደርጓቸዋል። አንዱን መርጠህ እስከ መጨረሻው ያዘው ተባለ። ግሶቹም ላይ ጥሩ ቆይታ ነበር። 2 ለ 1 ያለቀ ጨዋታ ላይ «ደመሰሰ»፣ «አንኮታኮተ» ማለት ውሸት ነው። «ረታ» በቂ ነው። ይሄን በጣም ወደድኩት፤ ከስፖርት ጋዜጠኛው ደምሴ ዳምጤ ድምፅ ጋር ላደግን ሰዎች ስሜት ያለበት የስፖርት አማርኛ ብርቅ አይደለም፣ ግን የቀጥታ ስርጭት ለጆሮ ነው፣ ያ ግለት ወረቀት ላይ ሲሰፍር ሌላ ነገር ይሆናል።

ሦስተኛው ቅዳሜ ጃን ሜዳ። ለዚህች ቀን ብቻ ቢሆን እንኳን 1,800 ብሩን እከፍላለሁ።

የታዳጊዎች ጨዋታ ነበር። ለልጆቹ አንድ ትእዛዝ ብቻ ተሰጣቸው፦ ጨዋታው ባለቀ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት መቶ ቃል። ገና ፊሽካው ሲነፋ ከግማሽ በላዩ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ። ማሊያዎቹ ላይ ቁጥራቸው የተፋቀ አለ፣ አንድ ቡድን ውስጥ ሁለት 7 ቁጥር ነበሩ። የተጫዋቾች ስም ዝርዝር የሚሰጥህ የለም። ከኔ ልጆች አንዱ በራሱ ሄዶ ቡድን መሪውን ጠይቆ ስማቸውን ጻፈ፤ ሌሎቹ እሱን ከበው ገለበጡ። ጨዋታው 2 ለ 1 አለቀ። ሲያልቅ ጉዱ መጣ። ሁለተኛዋን ግብ ማን አገባት? ሦስት የተለያየ ስም ተጠራ። በስንተኛው ደቂቃ? ዝም። ስልካቸውን ገልብጠው ቢያዩ፣ የቀረጹት ግቡን ሳይሆን ከግቡ በኋላ ያለውን ጭፈራ ነው።

ያቺ የዘጠነኛ ክፍሏ ልጅ ማስታወሻ ደብተሯን ከፈተች። ገጹን ለሁለት ከፍላዋለች፤ በግራ ደቂቃ፣ በቀኝ ሁነት። «63፣ ግብ፣ 11 ቁጥር፣ በጭንቅላት፣ ከማዕዘን ምት» ይላል። አሰልጣኙ ደብተሩን ከእጇ ወስደው ለሁሉም አሳዩ። በሁለተኛው ቅዳሜ መጨረሻ ላይ እንዲህ ያዙ ብለው ነግረዋቸው ነበር፤ የሰማችው እሷና ሌሎች አራት ልጆች ናቸው።

ከዚያ ወደ ተሸናፊው ቡድን አሰልጣኝ ሄደች። እግሯ እየተንቀጠቀጠ ነበር፣ አይቻታለሁ። «ጋሼ፣ 10 ቁጥሩን ከእረፍት በፊት ለምን ቀየሩት?» አለቻቸው። ቁርጭምጭሚቱን አሞታል፣ ለማክሰኞ ጨዋታ ላጣው አልፈልግም አሉ። አለቀ። አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ። ግን ዜናዋ ከሌሎቹ ሁሉ የተለየው በዚያች መልስ ነው። ሌሎቹ «ጨዋታው ማራኪ ነበር» ብለው ጻፉ። የሷ ዜና ቡድኑ ለምን ከእረፍት በኋላ እንደደከመና ማክሰኞ ምን እንደሚጠብቀው ይናገራል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ።

በጣም ያበሳጨኝ አራተኛው ቅዳሜ ላይ የሆነው ነው። ርዕሱ ጥቅስ አጠቃቀም ነበር። ለመለማመጃ የብሔራዊ ቡድናችን የዋልያዎቹና የሱዳን ጨዋታ ተመረጠ፤ ጥቅምት 2005፣ አዲስ አበባ። ምርጫው ግሩም ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን ነበር። እዚህ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ አግብተው 2 ለ 0 አሸነፍን፣ ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ፣ ከሜዳ ውጪ ባገባነው ሦስት ግብ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍን። 2 ለ 0 ብቻውን ዜናው እንዳልሆነ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም። ያን ቀን መንገድ ላይ የማላውቀው ሰው አቅፎኝ አልቅሷል። ተማሪዎቼ ያኔ ሕፃናት ነበሩ፣ ታሪኩን ሲሰሙ ዓይናቸው ፈጠጠ።

ግን ቀጥሎ ምን ተባሉ? «የዋልያዎቹ አሰልጣኝ ከጨዋታው በኋላ ምን ሊሉ ይችላሉ? አስቡና በትእምርተ ጥቅስ ጻፉ።» ልጆቹ ጻፉ። ጎበዝ ናቸው፣ አሳምረው ፈጠሩ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ሆዴ ተላወሰ። በሕይወት ያለ፣ ስሙ የሚታወቅ ሰው ያላለውን አለ ብሎ መጻፍ ለልምምድም ቢሆን መማር የለባቸውም። ሐሰተኛ ጥቅስ እንደ ጉንፋን በሚዛመትበት በዚህ ጊዜ እጃቸውን በዚህ ማስለመድ ትልቅ ስህተት ነው። በእረፍት ሰዓት ለስልጠናው አሰልጣኝ ነገርኳቸው። ሰሙኝ፤ ልምምድ መሆኑን ያውቃሉ አሉ። አልተስማማሁም፣ አሁንም አልስማማም። ማይክ ይዞ የትምህርት ቤቱን የስፖርት መምህር ማናገር እያለ ምን አስፈጠራቸው? ያቺ ልጅ ከሳምንት በፊት ጃን ሜዳ ላይ እውነተኛ መልስ አግኝታ ነበር።

ሁለተኛው የወረቀት እርማት ነው። 34 ልጅ በየሳምንቱ ይጽፋል፣ አሰልጣኙ አንድ ናቸው። የጃን ሜዳው ዘገባ የተመለሰው ስልጠናው ካለቀ ከአስር ቀን በኋላ ነው፣ ያውም ማርክ ብቻ ተጽፎበት። 7 ከ10። ለምን 7? የትኛው ዓረፍተ ነገር ነው የተበላሸው? ልጅ መጻፍ የሚማረው ከተሰመረበት ቦታ ነው። እኔ ማታ ማታ ቁጭ ብዬ የስድስቱን እንደገና አረምኩ። መምህር የሌለው፣ በግሉ የተመዘገበ ልጅ ይሄን አያገኝም። አንድ ረዳት ይቅጠሩ፣ ወይም ተማሪውን 20 ያድርጉት፤ ዋጋው ትንሽ ቢጨምር እንኳን እኔ እቀበላለሁ።

ማስተማሪያ ጥራዙ ደግሞ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ነው፣ ምሳሌዎቹም የቤዝቦል ናቸው። ጥሩ ነገሩ፣ አሰልጣኙ ራሳቸው ብዙም አይከፍቱትም። ማተሚያውን ወጪ ለጃን ሜዳ ትራንስፖርት ቢያውሉት ይሻላል፤ ታክሲውን እኛ ነን የከፈልነው። እና ለቴሌግራም የሚሆን አጭር ዜና፣ ባለ ሦስት መስመሩ፣ በጭራሽ አልተነሳም። ልጆቹ ነገ የሚጽፉት እዚያ ላይ ነው።

ለማን ይሆናል? ከዘጠነኛ ክፍል በታች ያለ ልጅ አትላኩ፣ ፍጥነቱ ይከብደዋል። ኳስ የማይወድ ልጅም ቢሆን ግን ይላክ። ከስድስቱ አንዷ ኳስ ግድ የማይሰጣት ናት፤ ምርጥ የሩጫ ዘገባ የጻፈችው እሷ ሆነች። ጋዜጠኛ ልሁን ለሚል ብቻ የተዘጋጀ አይደለም፣ ለአማርኛ ድርሰትም በጣም ይጠቅማል። ልጃችሁን ስትልኩ ባለ መስመር ትንሽ ደብተርና ሰዓት ያዙለት፣ ስልኩን ቤት ይተው።

ከተመለስን ሁለት ሳምንት ሆነን። ባለፈው ሰኞ የዘጠነኛና የአስረኛ ክፍል የመልስ ጨዋታ ዘገባ ተነበበ። 3 ለ 2፣ አስረኛ ረታ። አራት ዓረፍተ ነገር ነው፣ አንድም «ሲሆን» የለበትም። ሰልፉ እንደ ድሮው ጸጥ አለ። ወደ ክፍል ስንገባ አንድ የአስረኛ ክፍል ልጅ ሮጦ መጥቶ «ቲቸር፣ ሁለተኛዋ ጎል 40ኛው አይደለም፣ 38ኛው ደቂቃ ላይ ናት» አለ። አንባቢዋ ደብተሯን አወጣች። 40 ይላል። ልጁ የዳኛውን ሰዓት አይቻለሁ አለ፣ እሷ የራሷን። ሁለቱም ተያይዘው ዳኛ ወደነበሩት የስፖርት መምህር ቢሮ ሄዱ።

ለክረምቱ ዙር ሌላ አራት ልጅ ለመላክ እያሰብኩ ነው። ለማዕከሉ ስለ ጥቅሱና ስለ እርማቱ በጽሑፍ አስገብቻለሁ። መልሳቸው እንደደረሰኝ እዚሁ እጽፋለሁ፤ ምዝገባው የሚዘጋው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው።